አዳራሹ ባዶ፣ ሪፖርቱ ሙሉ

ጥያቄ፦ ሰላም እንደምን ናችሁ፣ እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ የመንግስት ቤተ መጻሕፍትና የባህል አዳራሽ ኃላፊ ሆኜ ከተመደብኩ ብዙም አልቆየሁም። ለፈተና ከሚያጠኑ ተማሪዎች በቀር ሰው ዝር አይልም፣ አዳራሹ የሚከፈተው ስብሰባ ሲኖር ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ጨፍረን ፎቶ ተነስተን እንበታተናለን፣ በጀቱን ደሞ ታውቁታላችሁ። ሰፈሩ የኔ ነው እንዲለው ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፕሮግራም ማዘጋጀቱን ለጊዜው ተይውና ከቢሮ ውጪ። እድር ስብሰባ ላይ ቁጭ በይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው አውሪ። "ምን ፕሮግራም ትፈልጋላችሁ" እንዳትይ ብቻ፣ እንደዛ ካልሽ ሙዚቃ ይሉሻል በቃ። "ምን አስቸገራችሁ" በያቸው።

ዋሽንግተን ውስጥ አናኮስቲያ የሚባል ከመሀል ከተማው ወንዝ ማዶ ያለ የጥቁሮች ሰፈር አለ፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው ትልቁ የሙዚየም ተቋም መሀል ከተማ ያሉት ሙዚየሞቹ ጋ ጥቁሮቹ ብዙም እንደማይመጡ ሲያይ በ1967 (በፈረንጆቹ ነው) እዛው ሰፈራቸው አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ከፈተ። ኃላፊ የሆነው ጆን ኪናርድ ከሙዚየም ሙያ ሳይሆን ከሰፈር ስራ የመጣ ሰው ነው። በ1969 ምን ቢያሳይ ጥሩ ነው? አይጥ! ሰፈሩን ያማረረው እሱ ነበራ፣ አይጥ ምን ስቦት እንደሚመጣ፣ ምን በሽታ እንደሚያመጣ፣ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን። (እኛ ጋ ቢሆን የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ እንዴት ይጻፍ ነበር እያልኩ ሳቄ ይመጣል።) የኛው ሀገር ፍቅር ቴአትርም እኮ ሲመሰረት ጣልያን ሊወረን ሲል ህዝቡን ለመቀስቀስ ነው።

አንቺ ጋ ደሞ ጉዳይ ሞልቷል። ከመሀል ከተማ ሰፈሩ ፈርሶ የመጣ አለ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሰራ በፊት እዛው መሬት ላይ ጤፍ ያመርት የነበረ ገበሬ አለ፣ ሁለቱ አንድ ታክሲ ይሳፈራሉ እንጂ አይተዋወቁም። የድሮ ፎቷቸውን አስመጪ፣ ስካን አርገሽ ለባለቤቱ መልሺ፣ ግድግዳው ላይ ከነታሪኩ ስቀይ፣ ጽሁፉ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን። መሬት እንዴት እንደተወሰደ የሚያወራ ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ አለቆችሽ ሊፈሩ ይችላሉ፣ ግን እሱን ብታስወጪ የቀረው ጌጥ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብለሽ አሳምኛቸው።

ሌላው ሰዓት ነው። ሰዉ በጠዋት ወደ ከተማ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፣ አንቺ በቢሮ ሰዓት ከፍተሽ ማን ይምጣ? ሰኞን ዝጊና ቅዳሜና እሁድ ክፈቺ፣ ውጭ ሀገር ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸው፣ በጀትም ያን ያህል አይጠይቅም፣ የሰራተኛ ፈረቃ ማስተካከል ነው። ተማሪዎቹንም አትናቂያቸው፣ አሁን ያሉሽ ቋሚ ደንበኞች እነሱ ናቸው፣ የአያቶቻቸውን ታሪክ በስልክ የሚቀዱልሽም እነሱ ይሆናሉ።

ሪፖርቱ ላይ የተሳታፊ ቁጥር ይጠይቁሻል፣ ጻፊው፣ ግን ከስሩ ነዋሪው ምን ጠየቀ፣ ምን መለስን የሚል ገጽ ጨምሪበት።