መልስ፦ ሙር ደ ብረታኝ ላይ ቢኒያም ያሸንፋል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሙር ደ ብረታኝ በሚባለው የፈረንሳይ ዳገት ላይ የሚያልቅ የብስክሌት ውድድር ስቴጅ (የአንድ ቀን ጉዞ) ለኤርትራዊው ብስክሌተኛ ለቢኒያም ግርማይ ይሆናል ወይ?» ላልከው፣ እኔ ብዙም ተስፋ አላደርግም። ዳገቱ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እኛ ጅማዎች አዲስ አበባ ስንሄድ ከጊቤ በረሃ እንደሚያወጣን ረጅም ጠመዝማዛ አይደለም። ክፋቱ ገና ከሥሩ ቀጥ ማለቱ ነው። አማካዩ 6.9 በመቶ ቢሆንም የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ስፕሪንተሮች (መጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚያሸንፉት) አብዛኞቹ እዚያው ይራገፋሉ።

በ2021 ቱር ደ ፍራንስ ሆላንዳዊው ማቲዩ ቫን ደር ፑል ያደረገውን ፈልገህ እይ። ዳገቱ ሁለት ጊዜ ይወጣ ነበር። በመጀመሪያው ለቦነስ ሰከንድ (ከጠቅላላ ሰዓቱ ለሚቀነስለት) ብሎ አፈተለከ፣ በሁለተኛው ስቴጁን አሸንፎ የአጠቃላይ መሪውን ቢጫ ማሊያ ለበሰ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ስለዚህ ሁለቴ የሚወጣ ከሆነ የመጀመሪያው እንዳያመልጥህ።

ቢኒያምን ግን ከኮረብታ ጨርሶ አትሰርዘው። በ2022 የጣሊያን ዙር ውድድር፣ ጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ ዬዚ ከተማ ላይ ያሸነፈው ኮረብታ በበዛበት ቀን ነው፣ ያውም ራሱን ቫን ደር ፑልን ቀድሞ። አቀበቶቹ አጫጭር ሆነው መጨረሻው ረገብ ካለ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠራው የእሱን ስም ነው።