ክብሪት የመጋዘን ጋዝ አይመረምርም

አንድ የቡሬ በቆሎ ነጋዴ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ለነቀዝ ብዬ የፎስቶክሲን ክኒን አስገብቼ መጋዘኔን ዘግቼ ነበር። አሁን ልከፍት ነው። ሠራተኞቼ በሩ ላይ ክብሪት ጭረን ጋዙ ካልነደደ አልቋል ማለት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

አይደለም፣ ወንድሜ። ክብሪቱን ይቀበሏቸው።

ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ፎስፊን ይባላል። መንደድስ ይነዳል። ግን የሚነደው ከአየሩ 1.8 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከሚሊዮን እጅ አየር 18,000 እጁ ማለት ነው። ለሕይወት የሚያሰጋው ደግሞ በሚሊዮን 50 ላይ ነው። አንድ ባለ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይለቃል። ያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሲበተን በሚሊዮን 700 ገደማ ይሆናል። አይነድም፣ ግን ይገድላል። ክብሪቱ ምንም ሳያሳይ የጫረው ልጅ ይወድቃል።

እሳት የሚነሳው ክኒኖቹ ከተከመሩ ወይም ውሃ ከነካቸው ነው። ጋዙ እዚያው ይጠራቀምና ያለ ክብሪት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ቆርቆሮዎ የሚያፈስ ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ። ከነደደ ውሃ አይድፉበት፤ ሰው ያርቁ።

ሽታውንም አይመኑ። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታው ጠፍቶም ጋዙ ሊኖር ይችላል። በብርድ ጊዜ ክኒኑ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

የሚያስፈልግዎ ለፎስፊን የተሠራ መለኪያ ነው። በእጅ ፓምፕ አየር የሚስበው የመስታወት ቱቦም ይሆናል፤ ውስጡ ያለው ነገር ቀለም የቀየረበትን ቦታ አይተው ቁጥሩን ያነባሉ። ለማብሰያ ጋዝ የተሠራ መመርመሪያ አምጥተው «ዜሮ ይላል» ቢሉዎት እሺ አይበሉ። እሱም እንደ ክብሪቱ የሚፈልገው የሚነደውን መጠን ነው።

በሮቹን ከውጭ ከፍተው በደንብ ያናፍሱ። ከዚያ መለኪያ ያለው ባለሙያ በረጅም ቀጭን ጎማ ከጆንያዎቹ መካከልና ከየጥጉ አየር ስቦ ይለካ። በሚሊዮን ከ0.3 በታች ሳይወርድ ማንም አይግባ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ጋዝ ምንም አይሠራም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። መጋዘኑ ከመኖሪያ ቤትዎ ጋር ግድግዳ ይጋራል? አልነገሩኝም። ጋዙ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል። የሚጋራ ከሆነ ልጆቹን ዛሬውኑ ዘመድ ቤት ያሳድሯቸው። ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰው ወይም ደረቱን የጨነቀው ሰው ካለ አየር ወዳለበት አውጥተው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የክኒኑን ስም ለሐኪሙ ይንገሩ። ማርከሻ ስለሌለው «እስኪ ትንሽ ይረፍ» ብለው አይጠብቁ።