ቴፕ መስሎ የሚታየው ዲስክ ለምን ቶሎ ሞላ?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት የምሽት ባክአፓችንን ከቴፕ ወደ ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ (ለባክአፕ ሶፍትዌሩ ቴፕ መስሎ ወደሚታይ የዲስክ መሣሪያ) አዛውረናል። 10 ቴራባይት የሚሆነው ዳታችን በዲዱፕሊኬሽን (የተደጋገመውን አንዴ ብቻ በማስቀመጥ) እጅግ እንደሚቀንስና ቅጂውም በ20 ሜጋቢት መስመር በየሌሊቱ አዳማ ወዳለው ቅርንጫፋችን እንደሚደርስ ተነግሮን ነበር። ይሁን እንጂ ቁጠባው ከሁለት እጥፍ አላለፈም፤ ወደ አዳማ የሚላከው ሳያልቅ ሌላ ሌሊት ይደርሳል፤ የማቆያ ጊዜያቸው ያለፈ ካርትሪጆችን (ዲስኩ ላይ እንደ ቴፕ የሚቆጠሩትን ክፍሎች) ብንሰርዝም ዲስኩ አይቀልም። መስመሩን እናስፋ?

መልስ፦ መስመሩን ለጊዜው ይተዉትና ሶፍትዌርዎ ዳታውን ለላይብረሪው በምን መልክ እንደሚያስረክብ ይመርምሩ። ዲዱፕሊኬሽን የሚመጣውን ዳታ በትንንሽ ቁራጮች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አሻራ ያወጣል፤ ያው አሻራ ቀድሞ ካለ ቁራጩን ዳግመኛ አያስቀምጥም። ስለዚህ የዛሬው ቁራጭ ከትናንቱ ጋር እንዳይመሳሰል የሚያደርግ ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ኢንክሪፕት ካደረገ (በምስጢር ቁልፍ ከለወጠ) ያው ፋይል በየሌሊቱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ አስቀድሞ ከጨመቀም መነሻው ላይ የተለወጠች ትንሽ ነገር ተከታዩን ሁሉ ልትለውጥ ትችላለች። ሁለቱንም ሥራ ለላይብረሪው ይተዉለት፤ እርሱ ከዲዱፕሊኬሽን በኋላ ያከናውናቸዋል።

እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው መልቲፕሌክሲንግን ነው። በእውነተኛው ቴፕ ዘመን የብዙ ሰርቨሮችን ዳታ እያፈራረቁ በአንድ ድራይቭ ላይ መጻፍ ብልህነት ነበር፤ ዳታ በበቂ ፍጥነት ካልደረሰው ድራይቩ እየቆመና ወደ ኋላ እየተመለሰ ጊዜ ያባክናል፣ ቴፑም ያልቃል። ቨርቹዋሉ ድራይቭ ግን ዲስክ ነውና ይህ ችግር የለበትም። የመፈራረቁ ቅደም ተከተል በየሌሊቱ ስለሚለያይ ቁራጮቹ እንዳይመሳሰሉ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። የቴፕ ዘመኑን አሠራር እንዳለ ይዛችሁ ከተዛወራችሁ መልቲፕሌክሲንጉን አጥፍታችሁ ተጨማሪ ቨርቹዋል ድራይቮችን ፍጠሩ። (ሻጭ ዳታው 20 ለ1 ይቀንሳል ሲልዎ የስንት ሌሊት ሙሉ ባክአፕ ተቆጥሮ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሙሉ ቅጂ በበዛ ቁጥር ይህ ቁጥር በራሱ ያድጋል።)

ወደ መስመሩ ስንመጣ፣ 20 ሜጋቢት በ10 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 90 ጊጋባይት ያሻግራል። ሪፕሊኬሽን (ቅጂውን ወደ ሌላው ቦታ የሚልከው ሥራ) አዳማ የሌሉ ቁራጮችን ብቻ ስለሚልክ የሌሊቱ አዲስ ዳታ ከዚህ በታች ከሆነ መስመሩ ይበቃል። የመጀመሪያው ቅጂ ግን ወደ 5 ቴራባይት ቢወርድና መስመሩ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ 23 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የአዳማውን መሣሪያ አዲስ አበባ አምጥቶ ጎን ለጎን መገልበጥና በመኪና መመለስ ይቀላል።

ካርትሪጆቹ ተሰርዘው ቦታ ያልተለቀቀው ሶፍትዌሩ የሰረዘው ከራሱ መዝገብ ብቻ ስለሆነ ነው። ላይብረሪው ራሱን እንደ ቴፕ ስለሚያቀርብ ካርትሪጁ እስኪጻፍበት ድረስ ውስጡ ያለው እንደማይፈለግ አያውቅም። ጊዜያቸው ያለፈውን እንደገና ሌብል ያድርጓቸው (መለያቸው ከመነሻው እንደ አዲስ ይጻፍ)፤ ከዚያም የላይብረሪው የጽዳት ሥራ ባክአፕ በማይኖርበት በቀን ሰዓት እንዲሄድ ያድርጉ፣ ቦታው የሚለቀቀው ያኔ ነውና።

ሌብል ሲያደርጉ ግን ይጠንቀቁ፤ የአዳማው ቅጂ ዋናውን ተከትሎ ባዶ ሊሆን ስለሚችል እዚያ የማቆያ ጊዜ ቆልፉበት። የባክአፕ ሶፍትዌሩ ካታሎግም በየዕለቱ አብሮ ይሂድ፤ ያለ እርሱ አዳማ ያሉት ካርትሪጆች ባርኮዳቸው ቢነበብም የትኛው ፋይል የት እንዳለ ለማወቅ አንድ በአንድ ማንበብ ይጠይቃል፣ ይህም ቀናት ሊወስድ ይችላል።