ፍልውሃን ያፈለቀው ስንጥቅ

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በ2017 ታኅሣሥ አልጋዬ ከተወዛወዘና ራስጌዬ ያለው ቁም ሣጥን ከተንቀጫቀጨ ወዲህ ሻንጣዬን በሩ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ልጄ ደግሞ «የከርሰ ምድሩ ስንጥቅ በፍልውሃ በኩል ያልፋል» አለኝ። እውነት ነው? ቤቱን ልሽጠው? — ወ/ሮ ት.

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ፍልውሃ ሄጄ ስታጠብ ባለውለታዬ ያው ስንጥቅ ነው። የዝናብ ውሃ ወደ ጥልቅ ሰርጎ በትኩስ አለት ይሞቅና በተሰነጠቀው መንገድ ሽቅብ ይመለሳል። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው፣ በ1879 ለአዲስ አበባ መቆርቆር ሰበብ የሆነው ይኸው ውሃ ነው። ከተማችን ሳታውቅ ስንጥቅ ላይ ተሠራች የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ስለ ስንጥቁ ስትል ነው እዚህ የተቀመጠችው እላለሁ።

ያን ሌሊት የቀሰቀሰዎት ግን እርሱ አይደለም። ታኅሣሥ 26 ሊነጋጋ ሲል የመጣው ንዝረት የተነሣው ከአዋሽ ፈንታሌ ነው፤ ከዚህ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚያ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች እየሰረሰረ ሲገባ አካባቢውን ያናውጠዋል። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ደግሞ መሬት ላይ ካለው ይበልጥ ይሰማዋል። ይህ ማለት ግን አደጋው ተረት ነው ማለት አይደለም፤ በ1953 የካራ ቆሬው (የኛው ሰፈር ሳይሆን የሰሜኑ) መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል።

ቤቱን ከመሸጥዎ በፊት ወደ ምድር ቤት ይውረዱ። በቅርቡ አንድ ሕንፃ እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። ባለ ሱቁ መስታወት ለመግጠም የብሎኬት ግድግዳውን አፍርሷል፤ አልበቃው ብሎ ምሶሶውን ጠርቦ የቆጣሪ ሳጥን ከትቶበታል። ፌሮው እንደ ከሲታ በሬ ጎድን ገጦ ይታያል። ከላይ አምስት ፎቅ ሰው ተኝቷል! ከፍልውሃ ስንጥቅ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ እንዲህ ያለው መዶሻ ነው።

በብሎኬቱና በቢሙ (ምሶሶዎቹን በሚያያይዘው አግዳሚ) መካከል ልስኑ ቀጥ ብሎ ቢሰነጠቅ ብዙ አይጨነቁ። ምሶሶው ራሱ አግድም ወይም ሰያፍ ከተሰነጠቀ ግን ሳያድሩ ባለሙያ ይጥሩ። ንዝረት ሲመጣ በደረጃ አይሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ። ሻንጣውም ባለበት ይቆይ። ቁም ሣጥኑን ግን ዛሬውኑ ከራስጌዎ አንሥተው በብሎን ከግድግዳው ጋር ያሳስሩት።