የአንባብያን ጥያቄ፦ ሞዞ ሲቀየር የብስክሌት ጎማን እንደ አዲስ ማሰር

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የብስክሌቴ ባለ 26 ኢንች የኋላ ጎማ ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚነሱበት የመሐሉ ክፍል) ውስጡ ተበልቷል። ኳሶቹን ብቀይርም፣ ግራሶ ብሞላውም ይንቀጫቀጫል። አዲስ ባለ 36 ቀዳዳ ሞዞ ገዝቻለሁ። ቸርኬው ደህና ነው። የድሮዎቹን ሽቦዎች መልሼ መጠቀም እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ የኳሶቹ መቀመጫ አንዴ ከተቦረቦረ ግራሶም አዲስ ኳስም አይመልሰውምና ሞዞውን ለመቀየር መወሰንዎ ትክክል ነው። ሽቦ መቁረጫ ከማንሳትዎ በፊት ግን የኋላውን ጥርስ ይፍቱ። ባለ ክር ጥርስ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር እየጠበቀ ስለሚሄድ ለመፍታት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያን ጉልበት የሚሰጥዎት ደግሞ ቸርኬው ነው። የጥርሱን መፍቻ ሞርሳ ላይ አስረው፣ ጎማውን ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ ከላዩ አስቀምጠው፣ ቸርኬውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራ ያዞሩታል። ሽቦዎቹ ከተቆረጡ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ድቡልቡል ብረት ብቻ ስለሆነ ያ ጥርስ በቀላሉ አይወጣም። ደህና ጥርስ ከአሮጌ ሞዞ ጋር የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ስህተት ነው።

አዲሱ ሞዞ የእርስዎን ጥርስ የሚቀበል መሆኑንም አሁኑኑ ይመልከቱ። በክር የሚጠብቅ ጥርስ ለካሴት (በክር ሳይሆን ተንሸራቶ ለሚገባ ጥርስ) በተሠራ ሞዞ ላይ አይገባም፤ ካሴትም በባለ ክሩ ላይ አይገባም። ሌላው ስፋት ነው። በሞዞው ሁለት የውጭ ዳዶዎች መካከል ያለው ርቀት ከብስክሌቱ የኋላ ሹካ ክፍተት ጋር መግጠም አለበት። የተራራ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ 135 ሚሊ ሜትር፣ የቆዩ ባለ ማርሽ ብስክሌቶች ደግሞ 126 ወይም 130 ሚሊ ሜትር ናቸው።

ሲፈቱ አንዱን ሽቦ ሙሉ በሙሉ ፈትተው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ ቸርኬው ሊጣመም ይችላል። ዙሪያውን እየሄዱ ሁሉንም ኒፕሎች (ሽቦውን ከቸርኬው ጋር የሚያስሩትን ትንንሽ ዳዶዎች) ግማሽ ዙር፣ እንደገና ግማሽ ዙር እያሉ ያላሏቸው።

የድሮዎቹ ሽቦዎች ያገለግላሉ ወይ ላሉት፣ መልሱ በሞዞው ክንፍ ላይ ነው። በክንፉ ላይ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበትን ክብ ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሐል በካሊብሮ ይለኩ። የአሮጌውና የአዲሱ ልክ እኩል ከሆነ፣ ክንፎቹም ከመሐል ያላቸው ርቀት ተመሳሳይ ከሆነ፣ ርዝመቱ አይለወጥም። ክቡ በሰፋ ቁጥር ግን ሽቦው ማጠር አለበት። በእርስዎ ዓይነት ጎማ ላይ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ሽቦው ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የአሮጌው ክብ 45፣ የአዲሱ 58 ከሆነ የድሮው ሽቦ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል ማለት ነው። ያን ያህል የረዘመ ሽቦ በኒፕሉ አልፎ ካላማዳሪያውን ይወጋል፤ ወይም ክሩ ያልቅና ኒፕሉ ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ልኩ ቢገጥምም ከዚህ በፊት ሁለትና ከዚያ በላይ ሽቦ የተሰበረበት ጎማ ከሆነ የቀሩትም ደክመዋልና ሁሉንም አዲስ ይግዙ።

አዲስ የሚገዙ ከሆነ ርዝመቱን በግምት አይወስኑ። መጀመሪያ ቸርኬውን ይለኩ። ሁለት አሮጌ ሽቦዎችን ከክሩ ጫፍ ጀምረው በትክክል 200 ሚሊ ሜትር ላይ ይቁረጡ። በትይዩ ቀዳዳዎች አስገብተው፣ የሽቦው ጫፍ ከኒፕሉ የካቻቢቴ ስንጥቅ ግርጌ እኩል እስኪሆን ኒፕሉን ያጥብቁ። ከዚያ ወጠር አድርገው በሁለቱ የተቆረጡ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩና 400 ይደምሩበት። ቸርኬ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በሌላ ቦታም ደግመው ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ክፍተቱ 138 ቢሆን የቸርኬው ልክ 538፣ ግማሹ 269 ይሆናል። የሞዞው የቀዳዳ ክብ 45 ቢሆን ግማሹ 22.5 ነው። ቀጥሎ ክንፎቹ ከሞዞው መሐል ምን ያህል እንደሚርቁ ይወቁ። ሞዞው 135 ከሆነ መሐሉ 67.5 ላይ ነው፤ ከቀኙ የውጭ ዳዶ እስከ ቀኙ ክንፍ 47.5 ካለ የቀኙ ርቀት 20፣ በግራ 32.5 ካለ የግራው 35 ይሆናል። ባለ 36 ቀዳዳ ጎማ ላይ እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሽቦ አቋርጦ ሲታሰር ስሌቱ ይቀላል። ሦስቱን ቁጥሮች፣ ማለትም 269፣ 22.5 እና የዚያን ጎን ርቀት (ለቀኙ 20፣ ለግራው 35)፣ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩ፤ 269ን በ22.5 አባዝተው ይቀንሱ፤ የቀረውን በስልክዎ ካልኩሌተር ስኩዌር ሩት ያውጡለት፤ በመጨረሻ የክንፉን ቀዳዳ ግማሽ ማለትም 1.3 ይቀንሱ። በዚህ ምሳሌ ቀኙ 258፣ ግራው 259.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 18 ባለ 258 እና 18 ባለ 260 ይገዛሉ። የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ኒፕሉ ይሸፍነዋል፤ ከ2 ካለፈ ግን አይሆንም።

ለማሰር ሞዞውን ጥርሱ ያለበት ጎን ወደ ላይ አድርገው ይያዙ። በቀኙ ክንፍ አንድ ቀዳዳ እየዘለሉ 9 ሽቦዎችን ከላይ ወደ ታች ያስገቡ። የቸርኬውን ቀዳዳዎች ልብ ብለው ካዩ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ገባ ገባ ብለው የተበሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሽቦ ከቫልቩ አጠገብ ካሉት ወደ ቀኝ ወዳደላው ቀዳዳ ይስጡት፣ ከዚያ ሦስት ቀዳዳ እየዘለሉ በየአራተኛው ያስገቡ። ኒፕሎቹን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ያስይዟቸው።

ጎማውን ይገልብጡ። የግራው ክንፍ ቀዳዳዎች ከቀኙ ጋር ትይዩ ሳይሆኑ በመካከላቸው እንደሚውሉ ያያሉ። ከመጀመሪያው ሽቦ አጠገብ ያለውን የግራ ቀዳዳ መርጠው፣ ሽቦው የመጀመሪያውን ሳያቋርጥ ጎን ለጎን ሄዶ አጠገቡ ባለው የቸርኬ ቀዳዳ ይግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ አንድ ሽቦ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። የቀሩትን 8 እንደዚያው።

አሁን ጥርሱ ካለበት ጎን እያዩ ሞዞውን ወደ ቀኝ፣ ፔዳል ሲረገጥ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ እስከሚሄድ ያዙሩት። የቀሩት 18 ሽቦዎች ከክንፉ ውስጥ ወደ ውጭ ይወጣሉና በተቃራኒው አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱ የሚያገኛቸውን ሁለት ሽቦዎች በላያቸው አልፎ ሦስተኛውን በስሩ ሹልክ ብሎ በራሱ ጎን ባዶ ወደሆነው ቀዳዳ ይገባል። ሦስተኛው ላይ እርስ በርስ መደጋገፋቸው ክንፉ አጠገብ እንዳይላሉ ያግዛል።

ሲያጠብቁ ክሩ ላይ ጠብታ ዘይት ያድርጉ። መጀመሪያ ሁሉም ክሮች እኩል እስኪሰወሩ፣ ከዚያ ከቫልቩ ጀምረው ዙሪያውን ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር። የኒፕል አንድ ሙሉ ዙር ወደ 0.45 ሚሊ ሜትር ስለሚስብ፣ በኋላ ላይ ሩብ ዙርም ብዙ ነው። ቸርኬው ወደ ግራ ካዘነበለ በዚያ ቦታ የቀኙን ያጥብቁ፣ የግራውን በዚያው ልክ ያላሉ። ሽቦው ከኒፕሉ ጋር አብሮ እንዳይጠመዘዝ ትንሽ አልፎ ማዞርና መመለስ ያስፈልጋል። መሐል መያዙን ለማወቅ ጎማውን ገልብጠው ከሹካው ጋር ያስተያዩት፤ ከአንዱ ጎን 4 ሚሊ ሜትር ከሄደ የሚያስተካክሉት 2 ብቻ ነው። የቀኙ ሽቦዎች ከግራዎቹ እጅግ የተወጠሩ መሆናቸው ስህተት አይደለም፤ ከላይ ባለው ልክ ግራው የቀኙን 57 በመቶ ገደማ ብቻ ይወጠራል።

ከመንዳትዎ በፊት አንድ ነገር ይቀራል፤ የሞዞውን ዘንግ በጣትዎ ያዙሩት። አዳዲስ ርካሽ ሞዞዎች ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ጠብቀው፣ ግራሶ ተሰስቶባቸው ይመጣሉ። ይፍቱት፤ በየጎኑ 9 ባለ ሩብ ኢንች ኳሶች መኖራቸውን ቆጥረው ግራሶ ይሙሉ፣ ሳይንገጫገጭ እንዲዞር አድርገው መልሰው ያስሩት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ቸርኬዬ 36 ቀዳዳ ነው፤ ገበያ ላይ ያገኘሁት ሞዞ 32 ነው። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አራት ቀዳዳ ባዶ ትቶ ማሰር ቢቻልም ውጥረቱ ዙሪያውን እኩል አይከፋፈልም፤ ቸርኬው በነዚያ ቦታዎች ይዛባል። ባለ 36 ሞዞ ይፈልጉ፤ ወይም ባለ 32 ቸርኬ አብረው ይግዙ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጎማዬ በቅርቡ ታስሮ በየጊዜው ሽቦ ይሰብራል፤ ሁልጊዜም በጥርሱ በኩል፣ ከሽቦው ራስ አጠገብ። ከመጠን በላይ ተወጥሮ ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ከመሬት በኩል ያሉት ሽቦዎች ለቅጽበት ይላላሉ። በቂ ውጥረት ካላቸው ብዙም አይታወቃቸውም፤ የላሉ ከሆኑ ግን ታጥፈው የገቡበት አንገት በየዙሩ ይተጣጠፋል። ሽቦን በእጅ ወዲያና ወዲህ አጥፎ መስበር እንደሚቻለው ነው። ለአሉሚኒየም ቸርኬ የቀኙ ጎን ውጥረት ወደ 100 ኪሎ ግራም ኃይል ቢደርስ ይበቃል። መለኪያ ከሌለ ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ ሽቦ ሳይሰበርበት የቆየ ጎማ አጠገቡ ያቁሙና ሽቦዎቹን በጥፍር እየነኩ ድምፃቸውን ያነጻጽሩ፤ የእርስዎ ወፍራም ድምፅ ካወጣ ላልቷል።

ከወጠሩ በኋላ በጓንት ሁለት ሁለት ትይዩ ሽቦዎችን አንድ ላይ በኃይል ጨምቁ፤ በሁለቱም ጎን፣ ዙሪያውን በሙሉ። ይህ አንገቱ በክንፉ ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ጎማው ትንሽ ቢጣመም አይደንግጡ፤ አቅንተው ደግመው ይጨምቁ፣ ቅርፁ መለወጥ እስኪያቆም። በተጨማሪም በጥርሱ በኩል በውጭ ያሉት ሽቦዎች ላይ የተፋቀ ቦታ ካለ ይፈልጉ። ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ወድቆ ከሆነ ሽቦዎቹን ጭሯቸዋል፤ በዚያ ጭረት ላይ ይሰበራሉ። የተጫሩትን በሙሉ ይቀይሩና ማርሹን የሚገድበውን ብሎን ያስተካክሉ። እስካሁን ሦስት ከተሰበሩ ግን አንድ በአንድ ከመተካት የቀኙን 18 በሙሉ መቀየር ይሻልዎታል።