ግሱ ሳይደርስ ምስሉ ሲያልፍ

ልጆቼ፣

ለዘጋቢ ፊልም ትረካ ማንበብ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ዩቲዩብ ላይ የምትለቁትን ትረካ አዳምጣለሁ። ድምፃችሁ ያምራል፤ አንዳንዶቻችሁማ ጉድ ናችሁ። ግን ምስሉን ትንፋሽ ታሳጡታላችሁ። እስቲ ስለ አንድ የሙያ አባት ላጫውታችሁ።

ቦብ ዳንቨርስ ዎከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ ተወልዶ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ አደገ። የሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1925 ሜልቦርን ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ የሬዲዮ ኖርማንዲ ዋና አስተዋዋቂ ሆነ። ጣቢያው ፈረንሳይ ዳርቻ ፌካም ላይ ሆኖ ለእንግሊዞች ያሰራጭ ነበር። እሁድ እሁድ ቢቢሲ ኮስተር ሲልባቸው፣ ሰዎች ሙዚቃ ፍለጋ ወደዚያ ያዞሩ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣቢያውን ዘጋው። እሱም በ1940 ፓቴ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የዜና ፊልም ድምፅ ሆነ፤ ዜናው እስከቆመበት እስከ 1970 ድረስ።

ሠላሳ ዓመት! ቴሌቪዥን በየቤቱ ሳይገባ ሰው የዓለምን ዜና በዓይኑ የሚያየው ሲኒማ ቤት ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ ዜና ይወጣል። አብዛኛው ምስል ያለ ድምፅ ይቀረጻል፤ ሙዚቃውና ትረካው በኋላ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፓቴ 85,000 ፊልሞችን ዩቲዩብ ላይ ለቋል። የጃንሆይንም ምስል እዚያ ታገኛላችሁ።

ዳንቨርስ ዎከርን ስታዳምጡት ፈጣንና ፈካ ያለ ነው። እሱን ለመምሰል ግን አትሞክሩ። በእንግሊዝኛ ግሱ ቶሎ ይመጣል። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ተመልካቹ ምን እንደተደረገ ሳይሰማ ምስሉ ያልፋል። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ጽሑፍ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ እርሳስ አንሡና ቁረጡ።

ሌላም አለ። በጦርነቱ ጊዜ የዜና ፊልሞች በሳንሱር ያልፉ ነበር። ያ ፈካ ያለ ድምፅ የሕዝቡን ሞራል የማንሣት ሥራም ነበረበት። አገር እየተደበደበ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ግን ሰው ጥሩ ድምፅ ያነበበውን ቶሎ ያምናል። ስለዚህ ክፍያውን ከመስማማታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ፤ እውነት መሆኑንም ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አንብቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መቁረጡን የተማርኩት በአንድ የገጠር ፊልም ነው። አንዲት እናት ከጀበና ቡና ይቀዳሉ። ምስሉ አምስት ሰከንድ ነው። ጽሑፉ ግን ስለ አካባቢው ባህል፣ ስለ እንግዳ አቀባበሉ፣ ስለ ቤተሰቡ መሰባሰብ ይዘረዝራል። «ይቀዳሉ» የሚለው ላይ ስደርስ ስክሪኑ ላይ በሬዎች ያርሳሉ። ደገምኩት። ፈጠን ብዬ ሞከርኩ፤ ባሰ። ኤዲተሩ ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ ወረቀቱን አስቀመጥኩና «አቦል ደረሰ» ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ቡናው ሲኒው ውስጥ ሲወርድ ተሰማ።