«ቢጊን»፣ «ስታርት» ወይስ «ኮሜንስ»?

ጥያቄ፦ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ መጀመር እችላለሁ» ለማለት ፈልጌ «ቢጊን»፣ «ስታርት» እና «ኮሜንስ» በሚሉት ቃላት መካከል ስዋልል ዋልኩ። በእጄ ያለው መዝገበ ቃላት ሦስቱንም «ጀመረ» ብሎ ይፈታቸዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ትርጉማቸው አንድ ከሆነስ ሦስት ቃል ለምን አስፈለገ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለማመልከቻዎ «ስታርት»ን ይጠቀሙ። ቀጣሪዎችም ሲጠይቁ «ዌን ካን ዩ ስታርት?» ነው የሚሉት።

የቃላቱ መብዛት ምክንያቱ ታሪክ ነው። «ቢጊን» እና «ስታርት» ከጥንት ጀምሮ የእንግሊዝኛው የራሱ ቃላት ሲሆኑ፣ «ኮሜንስ» ግን የመጣው የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን በ1066 እ.ኤ.አ. ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ከሆነው ከፈረንሳይኛ ነው። በችሎት የሚደረግ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን በሕግ የተደነገገው በ1362 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ግን በርካታ የፈረንሳይኛ ቃላት በሕግ ቋንቋው ውስጥ ሥር ሰድደዋል። «ኮሜንስ» ዛሬም የችሎትና የውል ጠባዩን አልለቀቀም፤ የኪራይ ውል የሚጸናበት ቀን «ኮሜንስመንት ዴት» ይባላል።

ይበልጥ ሊያስቡበት የሚገባው በ«ቢጊን» እና በ«ስታርት» መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ስታርት» በጥንት ትርጉሙ መዝለል፣ ድንገት ብድግ ማለት ነበር፤ መጀመር የሚለውን ትርጉም ያገኘው ኋላ ነው። ይህ የጥንት ትርጉም እስከ ዛሬ ስለሚከተለው፣ በአማርኛ «ተነሣ» ወይም «አስነሣ» በምንልበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል እንግሊዝኛው «ስታርት»ን ይመርጣል። ሹፌር ሞተር ያስነሣል እንጂ ሞተር አይጀምርም፤ በእንግሊዝኛም «ስታርት ዚ ኢንጂን» እንጂ «ቢጊን ዚ ኢንጂን» አይባልም። ጠብ ማስነሣት፣ እሳት ማስነሣት፣ ወሬ ማስነሣት፣ እነዚህ ሁሉ «ስታርት» ናቸው። የንግድ ድርጅት ማቋቋምም እንዲሁ «ስታርት ኤ ቢዝነስ» ነው። አማርኛችን ልዩነቱን አስቀድሞ ለይቶ ስላስቀመጠልን፣ መዝገበ ቃላቱ «ጀመረ» ብሎ ያለፈውን የራሳችን ጆሮ ሊያቃናው ይችላል።

«ጀመረ» ብቻ በሚስማማበት ቦታ፣ ለምሳሌ ዝናብ ወይም ስብሰባ ሲጀምር፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ «ቢጊን» ግን ረጋ ያለና ለጽሑፍ የሚቀርብ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መክፈቻ ላይ ያለው «በመጀመሪያ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «ኢን ዘ ቢጊኒንግ» ነው፤ በዚያ ቦታ «ስታርት» ቢገባ ቃሉ ክብደቱን ባጣ ነበር። ተቃራኒዎቻቸውንም ልብ ይበሉ፦ «ስታርት» ከ«ስቶፕ» ጋር፣ «ቢጊን» ደግሞ ከ«ኤንድ» ጋር ይጣመራል፤ አንዱ ከመቆም፣ ሌላው ከማለቅ ጋር መሆኑ ነው።

ብዙዎቻችን በማመልከቻ ላይ «ኮሜንስ»ን የምንመርጠው ከፍ ያለ ቃል ለተቀባዩ አክብሮትን ያሳያል ብለን ስለምናምን ይመስለኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ትሕትና የሚገለጸው በአብዛኛው በከባድ ቃል ሳይሆን እንደ «ዉድ» እና «ኩድ» ባሉት ረዳት ግሦች ነው። «አይ ዉድ ቢ ግላድ ቱ ስታርት» ቢሉ ትሑትም፣ ግልጽም ይሆናል።

«ከመጋቢት ጀምሮ» የሚለውንም ቃል በቃል «ፍሮም» ብለው ከ«ስታርት» ጋር ከሚያያይዙት፣ ወሩን ብቻ ሲጠቅሱ «ስታርት ኢን ማርች»፣ ቀኑን ሲቆርጡ ደግሞ «ስታርት ኦን» ብለው ቀኑን ቢያስከትሉ ይሻላል። «ፍሮም»ን መጠቀም ከፈለጉ «አይ አም አቬይለብል ፍሮም ማርች» ይበሉ።